የዳማዋ ጀርባ

እጄ ፈጣን ነው። ልጅ ሳለሁ ደግሞ ከአሁኑም የባሰ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ የሁለት ሴቶች ከንፈርና የአንድ ወንድ አፍንጫ አድምቻለሁ፤ ሦስቱም የሥራቸውን ነው ያገኙት ባይ ነበርኩ። እናቴ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ጨርቅ ትሸጣለች፤ የተመታ ልጅ እናት እየጮኸች በመጣች ቁጥር ሱቋ በር ላይ ቆማ ይቅርታ መለመን ሰልችቷት ነበር። ስለዚህ አንድ የሴቶች ማኅበር ከከተማው ወጣ ብሎ በገሳይ መንገድ ለሴት ልጆች የክረምት ካምፕ ሊከፍት ነው፣ ፈረስ መጋለብና መንከባከብ ያስተምራል ሲባል ስትሰማ ከሁሉም ቀድማ አስመዘገበችኝ። ከእንስሳ ጋር ስትውል ልቧ ይለሰልሳል ብላ ነው። ፈረስ በምን እንደሚገራ እናቴ አታውቅም ነበር።

ካምፑ ለክረምት የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። ዴስኮቹን ግድግዳ ሥር ደራርበን መማሪያ ክፍሎቹ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን እናድራለን፤ ፈረሶቹ ከግቢው በታች ባለው መስክ ላይ በችካል ይታሰራሉ። ልጆቹ አሥራ አራት፣ ፈረሶቹ ሰባት ነበሩ፤ ለሁለት ልጅ አንድ ፈረስ። ፈረሶቹ ከአካባቢው ገበሬዎች የተዋስናቸው ናቸው። ክረምት ላይ መኖ ያጥራል፤ እኛ ፈረሶቹን እንቀልባለን፣ ገበሬዎቹ ደግሞ ያውሱናል፤ ስምምነቱ ይኸው ነበር። ከአንድ የተኮላሸ ቡላ ፈረስ በቀር የሰጡን ሁሉ ባዝራ ነው። ደህና ወንድ ፈረስ ለሴት ልጆች የሚያውስ ሰው አልተገኘም።

ለእኔና ከይፋግ ለመጣች አንዲት ልጅ የደረሰችን ዳማ ባዝራ ነበረች። ባለቤቷ ከገሳይ ወዲያ የሚኖሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ፈረሷን ራሳቸው ስበው፣ ከሟች ባላቸው ኮርቻ ጋር አምጥተው አስረከቡን። ሌላ የጭነት ከብት የላቸውም፤ ድንች አምርተው በእሷ ጭነው ገሳይ ገበያ ያወርዳሉ፤ መተዳደሪያቸው ያ ነው። ነሐሴ ላይ ድንቹ ሲቆፈር እወስዳታለሁ፣ እስከዚያ በደንብ አብሏት አሉን። የዳማዋን አንገት ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ሄዱ።

አሠልጣኛችን በዕድሜ የገፉ የጉግስ ሰው ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። አንቱ እያልኩ የምጠላቸው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። አለንጋ ከእጃቸው አይለይም። ያልታዘዘ ፈረስ ሲመቱ አይናደዱም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም፤ እህል እንደሚወቃ ሰው ሥራዬ ብለው ነው። እኛን ነክተውን አያውቁም፣ ግን አለንጋው ጆሯችን አጠገብ ሲጮህ አንዷ ልጅ ቆማ ሸንታለች። እኔ እንኳ፣ ማንንም የማልፈራው፣ ሲያልፉ ትከሻዬን እሰበስብ ነበር።

አንድ ወግ ነበራቸው። ጧት ጧት፣ ገና ጭጋጉ ከጉና ተራራ ሳይነሳ፣ እያንዳንዳችን ፈረሳችን አጠገብ ቆመን ይጠይቁናል። «አፍ?» ይላሉ። የፈረሱን አፍ ያየች ልጅ «ደህና» ትላለች። «እግር?» «ደህና።» «ጀርባ?» «ደህና።» ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እጃቸውን ሰደው አይመረምሩም። ዓይናቸው ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያይም፤ ከዚያም በላይ ግን ፈረስ የያዘ ሰው ስለ ፈረሱ የሰጠውን ቃል መጠራጠር ለእሳቸው ሰውየውን በጥፊ እንደመምታት ነበር። ሴት ልጆች ሆንን ብለው ያንን ክብር አልነፈጉንም። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ትምህርቱ ደም ነበረው። የአገራችን ልጓም የፈረሱን መንጋጋ የሚያንቅ የብረት ቀለበት አለው፤ ያልሠለጠነ እጅ ሲስበው አረፋው ቀይ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሁሉም ፈረስ አፍ ቀልቶ ነበር። እኛም አልተረፍንም። አንዷ ተረግጣ የእግሯ ጥፍር ወለቀ፣ ሌላዋ ጡቷ አጠገብ ተነክሳ ጠቁሮ ሰነበተ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ወድቄ ሦስቱንም ጊዜ ጭቃ በልቼ ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ማንም ስለ እጄ አይመክረኝም።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ቡላውን በጋለ ብረት ተኮሱት። ሲመጣ ጀምሮ ጀርባው ላይ ያረጀ ገጣባ ነበረበት፤ ገጣባ ማለት ኮርቻ የበላው ቁስል ነው። አባባ ማጭድ እሳት ውስጥ ከተው ነጭ እስኪሆን ጠበቁ። አራት ገበሬዎች ፈረሱን በገመድ ጠልፈው ጣሉት፤ አንዱ አንገቱ ላይ ተቀመጠ። ብረቱ ሲያርፍ የወጣው ድምፅ ከፈረስ የሚወጣ አይመስልም። የተቃጠለ ፀጉርና ሥጋ ሽታ እስከ ማደሪያችን መጣ። የይፋጓ ልጅ አስመለሳት፤ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ወጥቼም የሚስቅብኝ ካለ ልመታ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገጣባ የወጣበት ፈረስ ሁሉ ይቃጠላል ብዬ ያዝኩ፤ ሌላ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ማንንም አልጠየቅሁም።

ዳማዋን ወደድኳት። እንዲህ በአጭሩ መናገር ይሻላል። ገብስ ስሰጣት ቀስ ብላ በከንፈሯ እጄን ትጠርጋለች፤ ስጨርስ አገጯን ትከሻዬ ላይ ጥላ ትተነፍሳለች። ያን ያህል ትልቅ ነገር እጄን ሳይፈራ ሲጠጋኝ የመጀመሪያው ነው። ቤት ያሉት ታናናሾቼ እንኳ እጄን ሳነሳ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር።

የቡሄ ዕለት በቤተሰቦቻችን ፊት እንድንጋልብ ታቀደ። አባቴ ሴት ልጅ ሽምጥ ስትጋልብ አይቼ አላውቅም ብሎ ስቆ ነበር፤ ቢሆንም እመጣለሁ አለ። አባቴ በቀበቶ እንጂ በቃል ብዙ የማይናገረን ሰው ነው። አንድ ቀን ስለ እኔ ሌላ ነገር እንዲያይ ፈለግሁ። ዳማዋ ላይ ሆኜ መስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሰነጥቅ ሌት ተቀን በሐሳቤ አየው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከልምምድ በኋላ ላቧ ደርቆ ኮርቻውን ሳወርድ፣ ከጋማዋ ሥር፣ ትከሻዋ አናት ላይ፣ ፀጉሩ ተልጦ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ቀይ ነገር አየሁ። ኮርቻው ለሌላ ፈረስ የተሠራ ነው፤ በእሷ ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል። እጄን ሳሳርፍበት ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም በየፈረሱ ተጠምዷል። እናቴ ለፀጉሬ ብላ በቆርቆሮ የሰጠችኝን ቅቤ አምጥቼ ቀባኋት። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ድሪቶ ደግሞ ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ በምላጭ ቀድጄ ቀዳዳ አበጀሁለት። ብልህነት መስሎኝ ነበር፤ የቀዳዳው ጠርዝ ቁስሉን ዙሪያውን እየበላ እንደሚያሰፋው አላሰብኩም።

በማግስቱ ጧት አባባ መጡ።

«ጀርባ?»

«ደህና» አልኩ።

ስለ ርኅራኄ ብቻ ነው የዋሸሁት ብል ደግሜ መዋሸት ይሆናል። እንዳያቃጥሏት ፈርቻለሁ፣ እውነት ነው። ግን ካቃጠሏት ለቡሄ እንደማልጋልብም አውቃለሁ። የቱ እንደሚበልጥ በዚያን ጊዜ አልለየሁትም፤ ዛሬም ስጠየቅ አፌ ቀድሞ የሚናገረው ርኅራኄውን ነው።

ከአራት ቀን በኋላ የይፋጓ ልጅ አየችው። እሷ ዝም ያለች፣ ፊደል እንደምትቆጥር ሁሉን ነገር በቀስታ የምትሠራ ልጅ ናት። ድሪቶውን ገልጣ ቀዳዳውን አየች፤ ቀጥላ ጀርባውን። ለአባባ ልንገራቸው አለችኝ። ያቃጥሏታል አልኳት። ቢሆንም ልንገራቸው ብላ መሄድ ጀመረች። ሁለተኛ እርምጃዋን ሳትጨርስ በጡጫ አፏን መታኋት። ወደቀች። ደረቷ ላይ ተቀምጬ፣ የሆነ ነገር ብትናገሪ ጥርስሽን አረግፈዋለሁ አልኳት፤ ማለቴም ነበር። ማታ ከንፈሯ አብጦ የካምፑ ኃላፊ ሲጠይቋት ችካል አደናቅፎኝ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ዳማዋ ጀርባ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር።

ዳማዋ ግን ተናገረች፤ በምትችለው መንገድ። ኮርቻ ሲጫንባት ጥርሷን ታሳያለች፣ ጠፍሩ ሲጠብቅ ትረግጣለች፣ ወደ ልምምዱ መስክ ስንወርድ ትቆማለች። አባባ ይህን ያዩት ከሩቅ ነው፤ ከሩቅ ደግሞ ጥጋብ ይመስላል። መጡና «ጀርባዋ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ዕለት ደግመው ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኳቸው። «እንግዲያ አመል ነው» አሉና አለንጋቸውን አነሱ።

እንደ ልማዳቸው ሳይቸኩሉ መቷት። ታፋዋን፣ ጎኗን፣ እንደገና ታፋዋን። አለንጋው ባረፈ ቁጥር ቆዳዋ ላይ መስመር ይነሳል። ልጓሟን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወደ እኔ እየተጠጋች ራሷን ብብቴ ሥር ልትከት ትታገል ነበር፤ ከእሳቸው ሸሽታ እኔ ዘንድ። አንድ ቃል ብናገር አለንጋው ያቆም ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን አሁን ብናገር ሁለት ሳምንት ሙሉ መዋሸቴ ይወጣል ብዬ መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ ብዙ ሰው መትቻለሁ፤ እንደዚያ ዕለት የጨከንኩበት ግን የለም፣ እጄንም አላነሳሁም።

ነሐሴ ገባ። ቡሄ ሲቃረብ ከየኮረብታው ጅራፍ ይጮህ ጀመር፤ እንደ ልማዱ ነው፣ ልጆች በየመስኩ ይገምዱና ያጮሃሉ። ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ዳማዋ ከእግሯ እስከ ጆሮዋ ትንቀጠቀጣለች። በአንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ በሽምጥ እንለማመድ ተባለ። ተራው የይፋጓ ልጅ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር በይኝ የምትል ይመስል ነበር፤ እኔ እርካቡን ያዝኩላት። መስኩን እኩሌታ እንደሄዱ ከማዶ ጅራፍ ጮኸ፤ ዳማዋ በሁለት እግሯ ቆማ ስትመለስ ኮርቻው ወደ ፊት ተንሸራቶ ቁስሉ ላይ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግልቢያ አይደለም። ዳማዋ ጀርባዋ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ከራሷ ልትነቅል ዞረች፣ ዘለለች፣ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ልጅቷ በክንዷ ላይ ወደቀች። አጥንቱ ሲሰበር ከቆምኩበት ሰማሁት።

ልጅቷን በባጃጅ ወደ ከተማ ወሰዷት። አባባ ዳማዋን ይዘው ጠፍሩን ፈቱ፣ ኮርቻውን አነሱ። ድሪቶው አልነሳ አላቸው፤ ተጣብቋል። በውኃ አርሰው ሲልጡት ሽታው ቀድሞ ወጣ። ቁስሉ መዳፍ ያህላል፣ ውስጡ ቢጫ ነው፣ ትል ይንቀሳቀስበታል። አባባ ጎንበስ ብለው፣ እንደገና ራቅ ብለው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። ድሪቶውን ገልብጠው በምላጭ የተቆረጠውን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱ። ሲነሱ አርጅተው ነበር።

«በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «የጨው ውኃና የሳምንት እረፍት ነበር። እሳት ለምን?»

አለንጋው መሬት ላይ ወድቋል። አንስቼ ልሰጣቸው አሰብኩ፤ እውነት ለመናገር እንዲመቱኝ ለመንኩ፣ በልቤ። እሳቸው ግን እንጨት እንዲሰበሰብ አዘዙና ማጭዳቸውን ሊያመጡ ሄዱ። አሁን ከእሳት በቀር የሚያድናት አልነበረም።

ሲመለሱ ራሷን ማን ይያዝ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ገበሬዎቹ ተጠጉ፤ ዳማዋ ጥርሷን አሳየቻቸው። አባባ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። «አንቺን ታምናለች። አንቺ ያዢ» አሉ።

ነጠላዬን አውልቄ ዓይኗን ሸፈንኩ። ስትወድቅ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁ፤ ጠረኔን ስታገኝ ትንፋሿ ረጋ አለ፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚገድለኝ። የመጀመሪያው ብረት ሲያርፍ ሰውነቷ በሙሉ ተነሳ፤ በክርኔና በጉልበቴ ጨፈለቅኋት። ጥርሷ ክንዴን አገኘና ነከሰኝ፤ አልለቀቅሁም። ማጭዱ ይቀዘቅዛል፣ ወደ እሳቱ ይመለሳል፣ ነጭ ሆኖ ይመጣል። አምስት ጊዜ። በሦስተኛው ላይ መጮህ አቁማ ማቃሰት ጀመረች። ሲያልቅ ነጠላውን ከዓይኗ አነሳሁ። አየችኝ። ከላይዋ ላይ ያለችው፣ የያዘቻት፣ ጠረኗ የሚሸታት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ አላስጠጋችኝም። ገብስ ይዤ ስመጣ ጆሮዋን አጣብቃ ቂጧን ታዞርብኛለች። አንዴ ደፍሬ ብቀርብ በኋላኛው እግሯ ጭኔን መታችኝ፤ ሳምንት አነከስኩ። አባባን ግን፣ የገረፏትንና የተኮሷትን ሰውዬ፣ ቁስሏን ሲያጥቡ ዝም ትላቸው ነበር።

ባለቤቷ የመጡት ቡሄ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ድንቹ ተቆፍሮ ደጃፋቸው ላይ ተከምሯል፤ ዝናቡ ሳያበሰብሰው ለገበያ መድረስ አለበት። ባዶ ጆንያና መጫኛ ገመድ ይዘው ነበር። አባባና የካምፑ ኃላፊ መንገድ ላይ ተቀብለው የሆነውን ነገሯቸው፤ እኔ ችካሉ አጠገብ ቆሜ ከሩቅ አያለሁ። እስከ መስቀል፣ ምናልባትም ከዚያ ወዲያ፣ ምንም ነገር ጀርባዋን አይነካውም አሏቸው። ሴትዮዋ አልጮኹም። ወደ ዳማዋ ሄደው የተቃጠለውን ጀርባ ዙሪያውን አዩ። ዳማዋ አፍንጫዋን ደረታቸው ላይ አሳረፈች። እኔ አንድ እርምጃ ስጠጋ ግን ሸሸች፤ ያንን ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ገና ትንሽ ሳለ አይቼ ደበቅሁት። ልትናገር የነበረችውንም ልጅ መታኋት።» አጎነበስኩላቸው። «ይምቱኝ።»

ያኔ ቢመቱኝ ዕዳዬን የከፈልኩ ይመስለኝ ነበር፤ የማውቀው ሕግ ያ ብቻ ነው። በቤቴም በደጄም ጥፋት የሚያልቀው አንድ ሰው ሲመታ ነው።

«አንቺን ብመታሽ ድንቼን ማን ይጭነዋል?» አሉ። «እሷ አፍ የላት፣ አንቺ አፍ ነበረሽ።» ከዚያ ኮርቻው የት እንዳለ ጠየቁኝ።

ከክፍሉ አመጣሁት። የካምፑ ኃላፊ መኪና ሲገኝ እንልክልዎታለን አሏቸው፤ እንቢ አሉ። የባላቸው ነው፣ ይዘውት መጡ፣ ይዘውት ይሄዳሉ። እኔ ልሸከምልዎ፣ እስከ ቤትዎ ላድርስልዎ ብዬ ለመንኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። የዳማዋን ገመድ እጃቸው ላይ ጠቅልለው ጀርባቸውን ሰጡኝና ጎንበስ አሉ።

«አሸክሚኝ» አሉ።

ኮርቻውን አንስቼ ጀርባቸው ላይ ጫንኩ። ከባድ ነው፣ እንጨቱ ዝናብ ጠጥቷል። ጠፍሩን በትከሻቸውና በደረታቸው ላይ አዙሬ ስስብ የኮርቻው ጠርዝ በስስ ነጠላቸው ላይ ልክ የትከሻቸው አጥንት ላይ ሲያርፍ አየሁ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ይበላዎታል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እሰሪው።»

አሰርኩት።